ሦስት ደሴት በአንድ ቀን

አባቴ አቴንስ የቆየው 19 ቀን ነው። ከ19ኙ ውስጥ ከጠዋት እስከ ማታ የእሱ ብቻ የሆንኩት አንዷን ቀን ነው፤ እሑድ፣ ጳጉሜን 3 ቀን 2011 ዓ.ም.። ሌላውን ጊዜ ሁለት ሦስት ሰዓት እየሸራረፍኩ፣ ዐይኔን ሰዓት ላይ ተክዬ ነው ያሳለፍነው። ሥራዬ አዳሪ ነው። ያኔ የምንከባከባት አሮጊት 88 ዓመቷ ነበር፤ ልጇ ለእረፍት ከከተማ ወጥታ ስለነበር የሚተካኝ ሰው የተገኘው ለዚያች እሑድ ብቻ ነው። ያቺን ቀን ምን እንዳደረግኳት ነው የምነግራችሁ።

አባቴ የድሬ ዳዋ ሰው ነው። አንተ ነው የምለው፤ ድሬ ላይ ትልቁንም ትንሹንም አንተ ነው የምንለው፣ ንቀት እንዳይመስላችሁ። ገና በልጅነቱ ከዚራ ሰፈር ውስጥ ከአንድ ግሪክ ሱቅ ገብቶ፣ ተላላኪ ሆኖ ጀምሮ ሚዛን ያዥ እስከመሆን ደረሰ። ባለ ሱቁን ሰው ሁሉ «ሙሴ» ነበር የሚለው። ያን ጊዜ ግሪክም ሆነ አርመን፣ ፈረንጅ ከሆነ ሙሴ ነው። ድሬ ራሷ የባቡር ልጅ ናት፤ ሐዲዱ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1902 ከጅቡቲ ተነሥቶ ሜዳው ላይ ሲደርስ ነው ከተማ የሆነችው። ግሪኩም አርመኑም ሕንዱም የመኑም ሐዲዱን ተከትሎ ነው የመጣው። የአባቴም ሙሴ ከነዚያ ሰዎች ወገን ነበር።

ሙሴ ሰርዲን፣ መኮሮኒ፣ የወይራ ዘይት በቆርቆሮ ይሸጣል። ከባቢሌ በጆንያ የሚመጣ ለውዝም ይገዛል። ለውዙ ሲለቀም ሠራተኞቹ ሰሌን ላይ ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ፤ ሙሴም ወንበሩን ስቦ ይመጣና አንድ እፍኝ ያነሣል። ከዚያ ሁልጊዜ ያው ወሬ ነው። ይሄ በእኛ አገር «የአረብ ፊስቲኪ» ነው የሚባለው ይላል፤ እውነተኛው ፊስቲኪ ያለው እኔ የተወለድኩበት ደሴት፣ ኤጊና ነው። ከዛፍ ላይ ነው የሚለቀመው። እንደ ወይን ዘለላ ይንጠለጠላል፤ ሲበስል ቅርፊቱ አፉን ራሱ ይከፍታል።

ሠራተኞቹ በሳቅ ይሞታሉ። ለውዝ ከዛፍ! ለውዝ ነቅለው፣ አፈሩን አራግፈው የበሉ ልጆች ናቸው፤ ማን ሊያታልላቸው? ሙሴ በተሰባበረ አማርኛው ይቆጣል፦ «ያንተ ለውዝ ከመሬት! የኔ ፊስቲኪ ከዛፍ! ሂድና እይ!»

አባቴ ይህን ታሪክ ስንት ጊዜ እንደነገረን አልቆጥረውም። ቤታችን ውስጥ የሚዋሽ ሰው ሲገኝ «ይሄ ደግሞ የሙሴ ፊስቲኪ ነው» ይባላል። በ1967 ሱቁ ሲወረስ ሙሴ ሻንጣውን ይዞ ሄደ። አባቴ ለገሃር ድረስ ሸኝቶታል። ባቡሩ መስኮት ላይ ሆኖ ምን አለህ ብዬ ጠይቄው አውቃለሁ፤ «ምን ይላል፣ አለቀሰ» ነው ያለኝ።

ታዲያ አቴንስ በገባ በመጀመሪያው ማታ፣ ኪፕሴሊ ያለችው ጓደኛዬ ቤት ቡና ተፈልቶ እንደተቀመጥን፣ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ «ኤጊና ከዚህ ሩቅ ነው?» አለኝ።

አላውቅም ነበር። 11 ዓመት ግሪክ አገር ኖሬ አንድም ደሴት አልረገጥኩም። ባሕሩን የማየው አሮጊቷን ሐኪም ቤት ስወስድ ከአውቶቡስ መስኮት ነው። አዲስ አበባ ኖሮ እንጦጦ ያልወጣ ሰው የለም? እንደሱ ነው።

በማግሥቱ ያያን ጠየቅኳት። ያያ በግሪክኛ አያት ማለት ነው፤ አሮጊቷን እንደዚያ ነው የምጠራት። ነገሩን ሁሉ፣ ሙሴንም ለውዙንም ነገርኳት። ስቃ ስቃ ሲበቃት፣ መድኃኒቷን እንኳ የምትረሳው ሴት መንገዱን እንደ ውዳሴ ማርያም ዘረዘረችልኝ። ከፒሬየስ ወደብ ጠዋት በአንደኛው ትልቅ መርከብ ሂዱ። 1 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ነው የሚፈጀው። 40 ደቂቃ የምትፈጅ ፈጣን ጀልባ አለች፣ እሷን ተዪያት፤ ውስጧ እንደ አውቶቡስ ተቆልፎ መቀመጥ ነው፣ መስኮቷም ጨው ለብሶ ምንም አያሳይ። ትልቁ ላይ መኪናው ከሥር ይገባል፣ ሰው ላይኛው ፎቅ ወጥቶ ነፋስ ላይ ይቀመጣል። ከወደቡ ኋላ የፊስቲኪ እርሻ ነው፤ ጊዜውም የለቀማ ነው። ዛፍ ሥር ተቀመጡ፣ ዓሣ ብሉ፣ ማታ ተመለሱ። በቃ።

«ፈጣኗ ለሚቸኩል ሰው ናት» አለችኝ። «አባትሽ ይሄን ያህል ዘመን የጠበቀ ሰው ነው፣ አሁን ምን ያስቸኩለዋል?»

ነገሩ እዚህ ላይ ማለቅ ነበረበት። ለሁለታችን ደርሶ መልስ ቲኬቱን ሒሳብ ሳደርገው ከአንድ ቀን ደሞዜ ብዙም አይርቅ። መንገዱን የነገረችኝ የአገሩ ሰው ናት። የሚፈልገውን አባቴ በአንደበቱ ነግሮኛል። ምን ቀረ?

የቀረው የኔ ስልክ ነበር።

ያያ ከተኛች በኋላ ሌሊት ሌሊት ደሴት ስመርጥ አነጋ ጀመር። ከሳንቶሪኒ ጀመርኩ፤ ነጭ ቤት፣ ሰማያዊ ጉልላት፣ ድሬ ያሉ የአክስቶቼ ልጆች ግሪክ ሲባል የሚያውቁት እሱን ነው። በትልቁ መርከብ ወደ 8 ሰዓት ይፈጃል፤ ጠዋት ተነሥተን ከሰዓት ደርሰን መመለሻ የለንም። ሚኮኖስም ለቀን ጉዞ የሚሆን አይደለም። ከዚያ ወደ ቅርቦቹ፣ ሳሮኒክ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ወዳሉት መጣሁ። ኢድራ፣ ፈረንጆቹ ሃይድራ የሚሏት፣ መኪና የማይገባባት፣ ዕቃ በአህያና በበቅሎ የሚጫንባት፤ ካናዳዊው ዘፋኝ ሊዮናርድ ኮኸን በፈረንጆች አቆጣጠር በ1960 ቤት የገዛባት። ፖሮስ፣ ከየብሱ በጠባብ የባሕር ወሽመጥ ብቻ የተለየች፤ ዴሞስቴንስ የሚባለው የጥንት ተናጋሪ ከጠላቶቹ ሸሽቶ ከፖሲዶን መቅደስ ገብቶ መርዝ የጠጣባት፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ322። ኤጊናም በፈረንጆቹ 1828 ገና ነፃ የወጣችው ግሪክ መንግሥት መቀመጫ እንደነበረች፣ ከዚያ በፊት በጥንት ዘመን የኤሊ ምስል ያለበት የብር ገንዘብ እንደምትመታ አወቅኩ። ይህን ሁሉ አነበብኩ። የፊስቲኪ ዛፍ ከወደቡ ስንት ደቂቃ እንደሚያስኬድ ግን አልፈለግኩም።

ፎቶዎቹን ነበር የማየው። እውነቱን ልናገርና ይውጣልኝ፤ አባቴን ላስደስት አልነበረም ደሴት የምመርጠው። ድሬ ሲመለስ ስልኩን ለጎረቤት ሲያሳይ የሚታየውን ነበር የምመርጠው። 11 ዓመት የሰው እናት ጡት መያዣ ያጠብኩባት አገር ምን እንደምትመስል ሰው እንዲያይልኝ። ኤጊና በፎቶ ስትታይ ተራ ወደብ ናት፤ ዓሣ አጥማጅ፣ ሞተር ብስክሌት፣ የአትክልት መሸጫ። ኢድራ ግን ሥዕል ናት። ኢድራ ብንሄድ ደግሞ ኤጊና ሊቀር ነው።

በአምስተኛው ሌሊት መፍትሔው ብቅ አለ፦ «ሦስት ደሴት በአንድ ቀን»። ኢድራ፣ ፖሮስ፣ ኤጊና፤ ምሳ መርከቡ ላይ፤ ዘፈንና ጭፈራ። ለሁለታችን ከ200 ዩሮ በላይ ነው፣ ግን ማንም ሊቀር አይደለም! ሙሴም ይደሰታል፣ አክስቶቼም ይደሰታሉ። የአባቶች ተረት ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም ይላል። እኔ ሦስት ልወጣ ነበር።

ለያያ አልነገርኳትም። ምን እንደምትለኝ አውቅ ነበር።

ያን ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ተነሣን። አባቴ ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ኮፍያውን አድርጎ፣ ሠርግ የተጠራ ነው የሚመስለው። ሰማዩ ላይ አንዲት ደመና የለችም። «ዛሬ እኮ ሩፋኤል ነው» አለኝ፤ «ርኅወተ ሰማይ። እኛ ጋ ልጆቹ ዝናቡን ሲጠባበቁ ነው።» ከመርከቡ የላይኛ ፎቅ እጁን ወደ ውጭ ዘርግቶ መዳፉን ወደ ሰማይ ገለበጠ፣ ምናልባት አንዲት ጠብታ ብትወርድ ብሎ ነው። የባሕሩ ፍንጣሪ ነካውና ግንባሩን ቀባ። ከሙሉው ቀን ያልተበላሸችው ያቺ ብቻ ናት።

ኢድራ 5 ሰዓት ላይ ደረስን፤ ሦስት ሰዓት ሙሉ በባሕር። አንድ ሰዓት ተኩል ተሰጠን። እውነትም ውብ ናት፤ ድንጋይ ቤቶች ከወደቡ ተነሥተው ተራራውን ይወጣሉ፣ ሞተር አይሰማም። አህዮቹ ወደቡ ላይ ተሰልፈው ሻንጣ ይጠብቃሉ። አባቴ አያቸው፣ እኔን አየኝ። «ልጄ» አለ፣ «እኔ አህያ ለማየት ነው ድሬን ትቼ የመጣሁት?» ሳቅኩ። እሱም ሳቀ። ከዚያ አህያዋ ጎን አቁሜ ፎቶ አነሣሁት፤ ኮፍያህን አውልቅ፣ አድርግ፣ ትንሽ ወደ ግራ፣ ፈገግ በል። ኋላ ስቆጥረው ኢድራ ላይ ብቻ 64 ፎቶ አንሥቻለሁ። ቁጭ ብለን የጠጣነው ነገር ግን የለም፤ ጊዜ አልነበረማ።

ፖሮስ ላይ 40 ደቂቃ ነበረን። የማስታውሰው መጸዳጃ ቤት ፍለጋ ነው።

መርከቡ ላይ ምሳ ተሰልፈን በላን። ሙዚቃ ተነሣ፣ ባህላዊ ልብስ የለበሱ ወጣቶች ጨፈሩ፣ ቱሪስቱን እየጎተቱ አስገቡ። አባቴንም ጎተቱት። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ በትሕትና እንቢ አለ። አንዲት ጀርመናዊት ከፊታችን መጥታ ቀረጸችው። አጠገቤ ተቀምጦ በቀስታ «ኤጊና ስንት ሰዓት ነው?» አለኝ። በዚያ ቀን ሦስተኛ ጊዜ ነው የጠየቀኝ። «መጨረሻ ላይ ነው አባዬ፣ ደርሰናል።» መጨረሻ ላይ መሆኑን ስገዛም አውቃለሁ። መጨረሻ ላይ ያለ ነገር ምን ዓይነት ሰው ላይ እንደሚደርስ ግን አላሰብኩም፤ 72 ዓመቱ፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት የተነሣ፣ ሙሉ ልብስ ለብሶ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የመታው፣ ጉልበቱን የሚያመው ሰው ላይ።

ኤጊና 9 ሰዓት ተኩል ላይ ወረድን። 100 ደቂቃ አለን። አስጎብኚዋ በአውቶቡስ ወደ አፋያ መቅደስና ወደ ቅዱስ ነክታርዮስ ገዳም ለሚሄድ ሰው ተጨማሪ ክፍያ አለ አለች። 200 ዩሮ ስከፍል ያልሳሳች እጄ ያቺን ጭማሪ ስታይ ሳሳች። «በእግራችን እንሄዳለን» አልኩት። እሱም በእግር መሄዱን ነው የወደደው፤ ከአውቶቡስ ላይ ዛፍ አይታይም አለኝ።

ወደቡ ፊት ለፊት ሱቁ ሁሉ ፊስቲኪ ነው። በከረጢት፣ በጠርሙስ፣ በማር፣ በቸኮሌት። አንድ ከረጢት ገዝቼ እጁ ላይ አኖርኩለት። «ይኸው የሙሴ ፊስቲኪ!» አልኩ፣ እልልታ ምን ቀረኝ። አንዷን አወጣ። የተከፈተውን አፏን በአውራ ጣቱ ዳበሰ። ለረጅም ጊዜ ዳበሰ። ከዚያ ቀና ብሎ «ዛፉስ?» አለኝ።

11 ዓመት ግሪክኛ የተናገርኩ ሴት ነኝ። ከፊቴ ባለ ሱቋ ቆማለች። «ዛፉ ያለው የት ነው?» ለማለት አራት ቃል ይበቃል። አልጠየቅኳትም። ደክሞኛል፣ እግሬ አብጧል፣ ስልኬ ላይ ደግሞ አንድ ፎቶ ይቀረኛል፤ ወደቡ አፍ ላይ ያለችውን ነጭ የቅዱስ ኒቆላዎስ ጸሎት ቤት ከጀርባ አድርጌ የምነሣው። «ዛፉ ሩቅ ነው አባዬ» አልኩት። «መርከቡ ያመልጠናል። እዚህ ጥላ ሥር ትንሽ ተቀመጥ፣ መጣሁ።»

ሩቅ ይሁን ቅርብ አላውቅም ነበር። ዝም ብዬ ነው ያልኩት።

ጸሎት ቤቷ ጋ 40 ደቂቃ ያህል ጠፋሁ። ብርሃኑ ከፊት ነበር፣ ሰው ይገባብኛል፣ የሚያነሣኝ ሰው መለመን ነበረብኝ። ስመለስ አግዳሚው ባዶ ነው። ልቤ ቀጥ አለ። ከዚያ አየሁት፤ ራቅ ብሎ፣ አትክልት የሚሸጡባት ጀልባ ወደቡ ላይ ታስራለች፣ እዚያ ጠርዙ ላይ ቆሞ ከባለ ጀልባው ጋር ያወራል። አባቴ ግሪክኛ የሚያውቀው የሱቅ ግሪክኛ ነው፤ ቁጥርና ሚዛን፣ ግማሽ ኪሎ፣ ስንት ነው፣ ና፣ ነገ ና። በዚያች ቋንቋ ነው የሚነጋገረው። ሰውየው ሽማግሌ ነው፣ በደስታ እጁን ትከሻው ላይ አድርጎለታል። አባቴ ከረጢቱን ከፍ አድርጎ ያሳየዋል፣ ከዚያ በእጁ ግንድና ቅርንጫፍ ይሠራል። ሰውየው ገባው። ዞረ። ክንዱን ዘርግቶ ከከተማው ኋላ፣ በአንድ መንገድ ላይ አመለከተ። አባቴ ወደዚያው ለመሄድ አንድ እግሩን አነሣ።

«አባዬ! መርከቡ!» ብዬ ጮኽኩ።

ዞረ። ሰውየውን እጅ ነሣ። ወደኔ መጣ።

መርከቡ ሊሄድ ገና 50 ደቂቃ ይቀረው ነበር። ሰዓቱን ያየሁት ገብተን ከተቀመጥን በኋላ ነው። «ገና ነው፣ እንውረድ?» ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። አላልኩትም። ስህተቴ እንዳይታወቅብኝ ነው። ሌላ ምክንያት የለውም። 50 ደቂቃ ሙሉ መርከቡ ታስሮ፣ እኛ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጠን፣ ወደቡን እያየን ጠበቅን። ጀልባው ላይ ያለው ሽማግሌ አንዴ ቀና ብሎ አየንና እጁን ወዘወዘ፤ ለምን እንዳልሄድን ሳይገርመው አልቀረም። አባቴም ወዘወዘለት።

ስንመለስ «እግዚአብሔር ይስጥሽ፣ ደስ የሚል ቀን ነበር» አለኝ። ድሬ ሰው ሲቆጣ ይጮኻል፤ ጮኾብኝ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይሄን አልጽፍም።

ማታ ያያ ነቅታ ጠበቀችኝ። «ዛፎቹን አየ?» አለችኝ። «አየ» አልኳት። «አለቀሰ?» አለችኝ። «ትንሽ» አልኳት። ደስ ብሏት ተኛች።

በዓመቱ ይመጣል ብለን ተስማማን፤ ያን ጊዜ ኤጊና ብቻ፣ ሙሉ ቀን፣ እንዲያውም አዳር። በዓመቱ የሆነውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በመጋቢት 2012 ግሪክ ደሴቶቿን ዘጋች፣ የደሴቱ ነዋሪ ያልሆነ ሰው መርከብ ላይ አይወጣም ተባለ። ኮሮናው ሲያልፍ ደግሞ የአባቴ ስኳር ወደ ዐይኑ ወጣ። አሁን ጥላ ይለያል፤ ፊት አይለይም። ፎቶዎቹን፣ እነዚያን ስንት ሰዓት ያባከንኩባቸውን ፎቶዎች፣ አያያቸውም። አክስቶቼ ናቸው የሚያዩአቸው። ኢድራ ያለው የአህያው ፎቶ በጣም ተወዷል።

ያያ ካረፈች በኋላ በ2016 መስከረም ብቻዬን ሄድኩ። አሁን ነገሩ ሁሉ ቀሏል፤ የምድር ውስጥ ባቡሩ ሦስተኛ መስመር ፒሬየስ ድረስ ገብቷል። በትልቁ መርከብ ሄድኩ፣ ላይኛው ፎቅ ተቀመጥኩ፤ 1 ሰዓት ከ15፣ ያያ እንዳለችው። ወርጄ አትክልት የሚሸጥባት ጀልባ የነበረችበት ጠርዝ ላይ ቆምኩ፣ ሽማግሌው ክንዱን ወደዘረጋበት መንገድ ዞርኩ፣ ሰዓቴን አየሁና መራመድ ጀመርኩ።

17 ደቂቃ።

በድንጋይ አጥር ላይ ዘንበል ብሎ ወደ መንገዱ የወጣ ነው። ለመንካት አጥር መዝለል እንኳ አያስፈልግም። በአባቴ እርምጃ 25 ደቂቃ ይሁን፤ ያን ቀን ከወረድንባት ደቂቃ ብንነሣ ደርሰን፣ ሥሩ ተቀምጠን፣ ፊስቲኪ በልተን፣ እየተንቀራፈፍን ብንመለስ እንኳ መርከቡን ቆመን እንጠብቀው ነበር። ይህን ሒሳብ እዚያ አጥሩ ላይ ተቀምጬ ብዙ ጊዜ ሠራሁት። ሁልጊዜ ይተርፋል።

ዘለላው እንደ ወይን ነው፤ ሙሴ አልዋሸም። ላዩ ወደ ሮዝ የሚያደላ ስስ ቆዳ አለው፣ እሱ ሲላጥ ቅርፊቱ ከነተከፈተ አፉ ይወጣል፤ ዛፉ ላይ እንዳለ ነው የሚከፈተው። ዛፉ ወንድና ሴት አለው፣ ፍሬ የምትሰጠው ሴቷ ናት፤ ዱቄቱን ከወንዱ ወደ ሴቷ የሚወስደው ነፋስ ነው። የሚለቅሙት ሰዎች ሥሩ መረብ ዘርግተው በዱላ ይመቱታል። አንዱ ለቃሚ ፓኪስታናዊ ነበር፤ ፎቶ ላነሣ የመጣሁ መስሎት ዘወር አለልኝ። ስልኬን አላወጣሁም።

የቀረኝን ጊዜ አፋያ መቅደስ ወጣሁ፣ ያን ቀን በጭማሪው የሳሳሁበትን። ዓምዶቹ ጥድ መካከል ቆመዋል። ጣሪያው ሥር የነበሩት ምስሎች እዚያ የሉም፤ በፈረንጆቹ 1811 እንግሊዞችና ጀርመኖች ቆፍረው ካወጧቸው በኋላ ተሸጠው ዛሬ ያሉት ሙኒክ ነው። የሽያጩን ታሪክ ኋላ አንብቤ ብቻዬን ሳቅኩ። ምስሎቹ ለደኅንነት ማልታ ተወስደው ነበር፤ ጨረታው ግን የተደረገው በ1812 ዛንቴ በምትባል ሌላ ደሴት ነው። የብሪቲሽ ሙዚየም ወኪል ገንዘቡን ይዞ ምስሎቹ ወዳሉበት ማልታ ሄደ። እሱ የተሳሳተ ደሴት ሲመርጥ፣ የባቫሪያው አልጋ ወራሽ ሰው ልኮ ገዛቸው። ያ ሰውዬ ሎንዶን ሲመለስ ምን ብሎ እንደተናገረ ማወቅ እፈልጋለሁ። እኔ «አየ» ነው ያልኩት።

አንድ ኪሎ ፊስቲኪ፣ ከነቅርፊቱ፣ ወደ አገር ቤት ለምትሄድ ልጅ ሰጥቼ ለአባቴ ላኩለት። ጥርሱ እንደማይሰብረው አውቃለሁ፤ ለመብላት አልላክሁትም። እህቴ እንደምትለው ሳህን ላይ አድርጎ አልጋው አጠገብ አስቀምጧል፤ የመጣ እንግዳ ሁሉ አንዷን አንሥቶ አፏን በጣቱ እንዲዳብስ ይደረጋል። «ራሱ ነው የሚከፍተው» ይለዋል። «ከዛፍ ላይ ነው።» እንግዳው ሄደህ አየኸው ወይ ሲለው ምን እንደሚል እህቴን ጠየቅኳት። «ሙሴ ነው የነገረኝ ይላል» አለችኝ።

ባለፈው ሳምንት ስደውል ገና ሰላምታ ሳንጨርስ ጠየቀኝ።

«ዛፉ ግን ቁመቱ እንዴት ነው? እኛ ግቢ ካለው ዘይቱን ይበልጣል?»

ግቢያችን ያለውን ዘይቱን አስታወስኩ፤ ልጅ ሆኜ ወጥቼ ወድቄበታለሁ።

«አይበልጥም አባዬ። ቢበዛ እሱን ያክላል።»

ትንሽ ዝም አለ። መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ።

«ሙሴ ግን ትልቅ ነው ይለኝ ነበር» አለ።

ከሁለታችን ማንን እንዳመነ አላወቅኩም።